የ67ቷ ቮልስ እና ያልገባው ስፔሰር

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? አምዱን ሁሌ ነው የማነበው። አባቴ የተዉልኝ ቮልስ አለችኝ፣ ሊብሬዋ ላይ 1967 ይላል፣ ሞተሯ እስካሁን አስቸግራኝ አታውቅም። ባለፈው ከአንድ ልጅ ላይ ሰፋ ያለ ስፖርት ቸርኬ ገዝቼ ሳስገጥመው የኋላ ጎማው ከውስጥ በኩል እየነካ ይጮሃል። ስፔሰር (ከቸርኬው ኋላ ገብቶ ወደ ውጪ የሚያወጣው ቀለበት) አድርግበት ሲሉኝ አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ ነገርኳት፣ እሷም "የ1967 ቮልስ" ብላ ፈልጋ ገዝታ ላከችልኝ፣ ሲመጣ ግን ባለ 5 ቀዳዳ ነው፣ የኔ መኪና ደግሞ ያላት 4 ቡሎን ነው! ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ "ምን አስጨነቀህ፣ በየቡሎኑ ሦስት ሦስት ሮንደላ እናስገባና እንገላገላለን" አለኝ። ላስደርግ? ወይስ መኪናዋ 67 አይደለችም?
— ከቀራንዮ

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ሮንደላውን እንጨርሰው፣ አይደረግም። እንዳታስደርግ። ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸከመው ቡሎኑ ይመስለዋል፣ የቡሎኑ ሥራ እኮ ቸርኬውን ታምቡሩ (የፍሬን ጫማውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ላይ አጣብቆ መያዝ ነው፣ ሸክሙን የሚችለው የሁለቱ ብረት ፊት ለፊት መነካካት ነው። ሮንደላ ስታስገባ ቸርኬው አራት ቦታ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀርና በየጉድጓዱ ይንቀሳቀሳል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ወይ ይቆረጣል፣ ጎማህ ቀድሞህ ሲሄድ የምታየው ያኔ ነው።

አሁን ወደ 67 እንምጣ። ለኔ ትውልድ 67 ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የኛው መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፣ ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ የተወሰዱበት ቀን፣ ግን ያንተ ሊብሬ የሚያወራው የፈረንጁን ነው። መኪናህም 67 ልትሆን ትችላለች፣ የአክስትህም ልጅ አልተሳሳተችም። ነገሩ ምንድነው፣ ቮልስዋገን የአዲስ ዓመት ሞዴሉን ማምረት የሚጀምረው ጃንዋሪ ላይ ሳይሆን ኦገስት ላይ ነበር፣ ከፈረንጅ ይልቅ ወደኛ መስከረም ይቀርባል በለው። ስለዚህ ኦክቶበር 1967 ላይ የተሠራች ቮልስ ሊብሬዋ ላይ 67 ተብላ ሞዴሏ ግን 68 ነው። እና ባለ 5 ቡሎኑ ቀርቶ ባለ 4 በብዛት የገባው በዚሁ በ68 ሞዴል ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ የኋላ ወንበሩን አንሳና መሀሉ ላይ ያለው ቱቦ መሳይ ብረት ላይ የተመታውን የሻሲ ቁጥር አንብብ፣ በ117 ከጀመረ 67 ሞዴል፣ በ118 ከጀመረ 68 ሞዴል ነው።

ግን ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ቁጥሩንም ብዙ አትመነው፣ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ያልተቀየረ ነገር የለማ። እኔ ራሴ ፊቷ 5 ቡሎን ኋላዋ 4 ቡሎን የሆነች ቮልስ ገጥማኛለች፣ ባለቤቱ መጠባበቂያ ጎማ ሁለት ይዞ ነበር የሚዞረው። ስለዚህ ስፔሰር ስትፈልግ የመኪናዋን ስምና ዓመት ሳይሆን ታምቡሩን ለክተህ ሂድ። ባለ 4 ከሆነ ቀላል ነው፣ ከአንዱ ቀዳዳ የግራ ጠርዝ እስከ ተቃራኒው ቀዳዳ የግራ ጠርዝ ለካ፣ ያው ከመሀል እስከ መሀል ማለት ነው፣ ቮልስ ላይ 130 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። ባለ 5 ከሆነ ተቃራኒ ቀዳዳ ስለሌለው ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ለካና በ1.7 አባዛው፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ይወጣልሃል፣ የለካኸው 120.5 ገደማ ከመጣልህ ክቡ 205 ነው፣ የድሮው ቮልስ እሱ ነው። 76 ተኩል ገደማ ከመጣ ግን 130 ነው፣ እሱ የፖርሽ ነው፣ የፖርሽ ቸርኬ መግጠም የሚፈልጉ ሰዎች ታምቡር ሲያስቀይሩ ይመጣል። የመጣልህን ባለ 5 ስፔሰር አትጣለው፣ የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ካገኘህ ይገዛሃል።

ውፍረቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በል። መኪናዋን በክሪክ አንስተህ እንዳትለካ! የቮልስ የኋላ አክስል ሲነሳ ወደ ታች ይንጠለጠልና ጎማው ከሥር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መሬት ላይ ስትቀመጥ ሌላ ነው። እና መሬት ላይ አቁማት፣ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ወፈር ያሉ ጓደኞችህን አስቀምጥ፣ ከዛ በጎማውና በሚነካው ብረት መሀል ያለውን ክፍተት ተመልከት፣ ጎማ በመንገድ ላይ ስለሚለመጥ 10 ሚሊ ያህል ክፍት ብታገኝ ጥሩ ነው። ካስፈለገህ በላይ አትጨምር፣ ፓራፋንጎውን አልፎ የወጣ ጎማ ለፎቶ ያምራል፣ ኩሽኔታው ግን ጭነቱን እየቆጠረ ነው። ፊት ላይ ደግሞ ባታደርግ እመርጣለሁ፣ የሚነካህ ኋላው ነው ብለሃል አይደል፣ ፊት ላይ ስታወጣው መሪው በየጉድጓዱ ከእጅህ ይጎትታል። የግድ ካልክ ግን መሀሉ ሰፊ ይሁን፣ የግራው የፊት ጎማ ላይ የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ በቅባት ክዳኑ መሀል ነው የሚወጣው፣ ጠባብ ስፔሰር ካደረግክበት እሱን ይጨፈልቀዋል።

ቡሎን። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቮልስ ታምቡሩ ላይ የቆመ ቡሎንና ዳዶ የላትም፣ ቡሎኑ ራሱ ነው ከውጪ የሚገባው፣ ስለዚህ 10 ሚሊ ስፔሰር ስታስገባ ቡሎኑም በ10 ሚሊ መርዘም አለበት። ባለ 4ቷ 14 በ1.5 ነው (ውፍረቱ 14 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ)፣ በእጅህ ስታስገባው ከ9 ዙር በታች ከያዘ አጭር ነው። በጣም ከረዘመ ደግሞ በታምቡሩ ውስጥ አልፎ የፍሬን ጫማውን ይነካል፣ ስለዚህ ካጠበቅክ በኋላ ጎማውን በእጅህ አዙረው፣ ካንቀጫቀጨ አውጣው። ስፔሰሩን አውጥተህ ረጅሙን ቡሎን ብቻውን ስታስገባማ የባሰ ነው። ሌላው የቡሎኑ ራስ ቅርጽ ነው፣ የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ቡሎን ከራሱ ሥር እንደ ኳስ ክብ ነው፣ ከልጁ የገዛኸው ስፖርት ቸርኬ ግን ሾጣጣ መቀመጫ ሊኖረው ይችላል። ኳሱን ሾጣጣው ውስጥ ካስገባህ በቀጭን መስመር ብቻ ይነካና የተጠበቀ መስሎህ ይላላል። ቮልስ ላይ ደግሞ ቸርኬውን መሀል የሚያስይዘው ይሄ መቀመጫ ነው፣ ስለዚህ አይቀለድበትም።

ሠርቶ የሚሰጥ ቶርኖ ቤት አታጣም። ከተቀለጠ ድስት የተቀዳ አሉሚኒየም እንዳይሰጡህ ብቻ፣ ይሰነጠቃል፣ ብረት ወይ ድፍን አሉሚኒየም ይሁን። ሁለቱ ፊቱ እኩል ካልሆነ ጎማው ይጨፍራል፣ ስለዚህ ዙሪያውን አራት ቦታ አስለካ። ቀዳዳውን በኖራ ምልክት አድርጎ እንዲበሳው አትፍቀድ፣ ታምቡሩን ራሱን ይዘህለት ሂድ፣ ለ14 ቡሎን 15 ቀዳዳ ይበቃል። ከገጠምክ በኋላ 50 ኪሎሜትር ነድተህ ደግመህ አጥብቀው፣ ጎሚስታው ነው የሚያጠብቅልኝ አትበል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን ቸርኬውን መልሼ ሽጬ የቮልስን የራሷን 15 ቸርኬ አደርግባት ነበር፣ ግን አንተ ወጣት ነህ፣ ይገባኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሮ ላዳ አለችኝ። "የፊያት ስፔሰር ለላዳ ይሆናል" ብለው ሸጡልኝ፣ ቀዳዳው ልክክ ይላል ግን ሞዞው (ቸርኬው የሚቀመጥበት መሀለኛው ብረት) ላይ አልገባ አለ። መዶሻ ልጠቀም?
— ከአዳማ

መልስ፦ መዶሻውን አስቀምጥ። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ስለሆነች 4 በ98ም (4 ቀዳዳ በ98 ሚሊ ክብ ላይ)፣ 12 በ1.25 ቡሎኑም አንድ ነው፣ የሻጩ ውሸት ግማሽ ሚሊ ብቻ ነች፣ የፊያት የመሀል ቀዳዳ 58.1 ሲሆን የላዳ 58.6 ነው። ቶርኖ ቤት ውስጡን ግማሽ ሚሊ ይላጭልሃል፣ ከዛ ይገባል። የ100 ስፔሰር ካመጡልህ ግን "2 ሚሊ ምን አላት" ቢሉህም አትቀበል፣ ቡሎኑ ተጣሞ ነው የሚገባው። ከመላጨትህ በፊት ግን ቸርኬህ የማን ነው? ከስፔሰሩ በውጪ በኩል የሚወጣው ከንፈር ቸርኬውን ስለሚይዝ ለላዳ ቸርኬ 58.6፣ ለፊያት ቸርኬ 58.1 መሆን አለበት፣ ለክተህ ጻፍልኝ።