«ይበልህ!» የሚያሰኙ ፊልሞች፦ ሦስት ጥያቄዎች ከኮምቦልቻና ከደሴ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች በተለያየ ጊዜ የደረሱን ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ፣ ማለትም የበቀል ፊልም፣ በመሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል። ከ2014 ዓ.ም. በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ዶሮ ሲታረድ እንኳን ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። ሆኖም ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በደል የደረሰበት ሰው መሣሪያ አንሥቶ በዳዮቹን አንድ በአንድ የሚለቅምበትን ፊልም ከፍቶ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ፊልሞቹ ርካሽ መሆናቸው አይጠፋኝም፤ ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል፣ ንግግሩም የረባ አይደለም። መጨረሻው ላይ ግን ሳላስበው «ይበልህ!» እላለሁ፤ አንጀቴም ቅቤ ይጠጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን በገባ ጊዜ የባለቤቴ ሱቅ እስከ መደርደሪያው ድረስ ተዘርፏል፤ ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ባለቤቴ «ነፍሳችን ተርፋለች፣ ተመስገን» ብሎ ትቶታል፤ እኔም የተውኩት ይመስለኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስቆም ግን ማታ በተደሰትኩበት ነገር አፍራለሁ። ይህ በውስጤ የተደበቀ ክፋት ይሆን? ማየቱንስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ክፋት አይደለም። ያጠፋ ሰው ሲቀጣ ማየት ሰውን ደስ ማሰኘቱ ከተፈጥሮው ጋር የተያያዘ ነው። በ2004 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በገንዘብ ጨዋታ የከዳቸውን ሰው ለመቅጣት ዕድል የተሰጣቸውን ተሳታፊዎች አንጎል በምስል ተመልክተው ነበር። ሽልማት ስናገኝ የሚነቃቃው የአንጎል ክፍል ቅጣት በሚወስኑበትም ጊዜ ሲነቃቃ አግኝተዋል፤ አንዳንዶቹም ከራሳቸው ኪስ እየከፈሉ ጭምር ቀጥተዋል። «አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል» ያሉት እንግዲህ ሌላውም ሰው የሚጋራው ስሜት ነው።

ይሁንና ፊልሙ ይህን ደስታ የሚሰጥዎ ነገሩን አስቀድሞ አመቻችቶ መሆኑን ልብ ይሏል። በመጀመሪያ፣ በደሉ ሲፈጸም እርስዎ ራስዎ በዓይንዎ እንዲያዩት ያደርጋል። በፍርድ ቤት ዳኛ ሲያስጨንቅ የሚውለው ጥያቄ፣ ማለትም አድራጊው እውነት ይህ ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ በፊልሙ ውስጥ ከቶ አይነሣም። ቀጥሎ፣ እኔ ከሁሉ የሚበልጥ ማታለል የምለው ነገር አለ፤ የፊልሙ በዳይ ዘመድ የለውም። ሲሞት እናቱ ደረቷን ስትደቃ አናይም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ወንድሙ ጠመንጃውን ሲወለውል አይታይም። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ሆኖ አይሞትም። በወሎ ገጠር ሰው ሲገደል ነገሩ የሁለት ወገን ነገር ይሆናል፤ የገዳይ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፤ አበጋሮች የተባሉት አስታራቂዎች በመካከል ይገባሉ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይቀመጣሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ዱአ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ደም እንዳይፈላለጉ ሁለቱ ወገኖች ይማማላሉ። ይህ ሁሉ ድካም ያስፈለገው ሟችም ገዳይም ወገን ስላላቸው ነው። ፊልሙ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው ይህን አንድ እውነት አውጥቶ ስለጣለ ብቻ ነው፤ ወንድም ቢጨመርበት ኖሮ ማለቂያ አይኖረውም ነበር።

የእርስዎን ሁኔታ ይበልጥ የሚመለከተው ግን በ1974 የወጣው «ዴዝ ዊሽ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ቻርልስ ብሮንሰን የተጫወተው ፖል ከርሲ የኒው ዮርክ አርክቴክት ነው፤ ሦስት ወሮበሎች ቤቱ ገብተው ሚስቱን ለሞት፣ ሴት ልጁን ለማይድን የአእምሮ ሕመም ይዳርጓቸዋል። ፊልሙን አይተውት ከሆነ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ከርሲ እነዚያን ሦስት ሰዎች እስከ መጨረሻው አያገኛቸውም። ሽጉጡን ይዞ ሌሊት በመናፈሻና በምድር ውስጥ ባቡር እየተዘዋወረ የሚገድለው፣ ሊዘርፉት የሚጠጉትን ሌሎች ሰዎች ነው። ተመልካቹ ግን ዕዳው የተከፈለ ያህል ረክቶ ይወጣል። ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ደራሲ ብራያን ጋርፊልድ ራሱ በፊልሙ አልተደሰተም፤ በ1975 ባወጣው ተከታይ ልቦለድም ራስን ዳኛ ማድረግ የሚያስከትለውን ጥፋት ለማሳየት ሞክሯል።

እርስዎም ሱቃችሁን ማን እንደዘረፈው አያውቁም። ፊልሙ ፊት ለሌለው ዘራፊ ፊት ያበጅለታል፤ ቅዳሜ ማታ የሚሞተውም ያ ፊት ነው። ነገሩ በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ እስከቀረ ድረስ ማንም አልተጎዳም፤ በዚህ አንድም ሰው ሊወቅስዎ አይገባም። ከመስኮቱ ሲወጣ ግን ምን እንደሚመስል እኛ በዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ማስረዳት አያሻንም። የበደለው ሰው ሲታጣ እሱን የሚመስል ይፈለጋል፤ አነጋገሩ ወይም የመጣበት አገር እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ገበያ መካከል «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚማታው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ነገር ያልተሰረቀበት ሰው ነው።

ፊልሙ የሚደብቀውን ነገር በእውነተኛ ታሪክ ማየት ከፈለጉ ኒው ዮርክን አንለቅም። በ1984 መጨረሻ በርናርድ ጌትዝ የተባለ ሰው በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ገንዘብ በጠየቁት አራት ወጣቶች ላይ ተኮሰ፤ ሊዘርፉኝ ነው ብሎ እንዳሰበም ተናገረ። ጋዜጦች ወዲያው ከብሮንሰን ፊልም ጋር አያያዙት፤ ብዙ ሕዝብም ጀግና አደረገው። በ1987 የተሰየሙት የፍርድ ሸንጎ አባላት ከግድያ ሙከራ ክስ ነጻ ሲያወጡት፣ ጥፋተኛ ያሉት ያለ ፈቃድ መሣሪያ በመያዝ ብቻ ነበር። ከአራቱ አንዱ ግን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ በ1996 በተሰጠው የፍትሐ ብሔር ውሳኔ ጌትዝ 43 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍለው ተፈረደ። ባቡሩ ውስጥ ጥቂት ሴኮንዶች የወሰደው ነገር በፍርድ ቤት ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ክፍል የሚያሳይ የበቀል ፊልም ለገበያ አይመችም።

እፍረትዎን በተመለከተ፣ በ2008 የታተመ የካርልስሚዝ፣ የዊልሰንና የጊልበርት ጥናት አለ። በጨዋታ የከዳቸውን ሰው የመቅጣት ዕድል ያገኙት ሰዎች ዕድሉን ካላገኙት ይልቅ ተከፍተው ተገኝተዋል፤ ቅጣቱ ነገሩን ከመዝጋት ይልቅ በዳዩን ደጋግመው እንዲያስቡት አድርጓቸዋልና። የሚገርመው፣ ሰዎቹ አስቀድመው የገመቱት ተቃራኒውን መሆኑ ነው። ፊልም ይህን ጣጣ ያስቀርልናል፤ ስም ዝርዝሩ ሲመጣ በዳዩም አብሮ ይሄዳል፣ እኛም ወደ መኝታችን እንሄዳለን።

ስለዚህ ማየቱን ይተዉት አልልም። አንድ ነገር ግን እለያለሁ። ከእነዚህ ፊልሞች መካከል ብዙዎቹ በቀሉን ሰበብ አድርገው የሚሸጡት በደሉን ነው፤ በተለይም በሴት ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ካሜራው ከሚያስፈልገው በላይ እየተዘገየበት፣ እየተጠጋና እየተመለሰ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ «አይዞህ፣ ገዳዮቹ ይሞታሉ» ብሎ ተመልካቹን ያባብለዋል። ልዩነቱን ለማየት አንድ ታሪክ የወለዳቸውን ሁለት ፊልሞች ማነጻጸር ይቻላል። ስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን በ1960 በሠራው «ዘ ቨርጂን ስፕሪንግ» የተገደለችው ልጅ አባት ገዳዮቿን እረኞች በበቀል ይገድላል፤ ከእነሱ ጋር የነበረውን፣ ጥቃቱን ያልፈጸመውን ትንሽ ልጅ ሳይቀር ይጨርሰዋል። ከዚያም በሴት ልጁ ሬሳ አጠገብ ሆኖ የገዛ እጆቹን እያየ ፈጣሪን ይቅርታ ይጠይቃል፤ በእነዚያው እጆች ቤተ ክርስቲያን ለመሥራትም ይሳላል። በ1972 ዌስ ክሬቨን ይህንኑ ታሪክ ወደ አሜሪካ ወስዶ በሠራው «ዘ ላስት ሃውስ ኦን ዘ ሌፍት» አባትየው በሞተር መጋዝ ይበቀላል፤ ንስሐም ስእለትም የለም። ሁለተኛውን እኔ እንዲታይ አልፈቅድም ነበር፤ ክሬቨን ጥቃቱን ያሳየው ተመልካችን ለማስመረር ነው የሚሉ ተቺዎች ቢኖሩም ካሜራው ያን ያህል መቆየቱን አልወደድኩትም። እርስዎ ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እያለፉ መጨረሻውን ብቻ የሚያዩ ከሆነ በደሉ አይደለም የሚስብዎ፤ ሳያልፉ የሚያዩት ያንን ክፍል ከሆነ ግን እፍረቱን ያድምጡት።

ጥያቄ፦ በደሴ ፒያሳ አካባቢ ፊልም በፍላሽ እየጫንኩ የምተዳደር ወጣት ነኝ። ትልልቅ ሰዎች የድሮ የበቀል ፊልም አብዝተው ይጠይቁኛል። በ1970ዎቹ ይህ ዓይነት ፊልም ለምን እንዲህ በዛ? በተጨማሪም የህንዱን «ሾሌ» የጫንኩለት አንድ ደንበኛዬ «መጨረሻው የተቆረጠ ነው፣ እኔ የማውቀው ይህን አይደለም» ብሎ ተጣልቶኛል። እውነት ሁለት ዓይነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ደንበኛዎን ያስታርቁት፤ እውነት ሁለት መጨረሻ አለው። በፊልሙ ጋባር ሲንግ የተባለው ሽፍታ የቀድሞውን የፖሊስ መኮንን የታኩርን ቤተሰብ ፈጅቶ ሁለት እጆቹን ይቆርጣል፤ ታኩርም ሽፍታውን የሚይዙለት ሁለት ወሮበሎች ይቀጥራል። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ በቀረጸው መጨረሻ ላይ እጅ የሌለው ታኩር፣ ሚስማር በተመታበት ጫማ ጋባርን ረግጦ ይገድለዋል። ፊልሙ በነሐሴ 1975 ሲወጣ ህንድ ሁለት ወር እንኳ ባልሞላው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ የሳንሱር ሹማምንትም የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ ሲያስገባ መታየት የለበትም በማለታቸው፣ በመጨረሻው ሰዓት ፖሊስ ደርሶ ሽፍታውን ከታኩር እግር ሥር እንዲወስደው ተደርጎ እንደገና ተቀረጸ። በሲኒማ ቤት የታየው ይህኛው ሲሆን የመጀመሪያው ከብዙ ዓመት በኋላ ወጥቷል። ሰውዬው የተጣላው ከእርስዎ ጋር ሳይሆን ከህንድ ሳንሱር ጋር ነው።

የዋናው ጥያቄዎ መልስም በከፊል ከዚሁ ይመጣል። የሆሊውድ ኩባንያዎች በ1930 ተስማምተው የተቀበሉት የሥነ ምግባር ደንብ፣ ታሪኩ በዘመናችን የሚፈጸም ከሆነ በቀል ትክክል ተደርጎ እንዳይቀርብ በግልጽ ይከለክል ነበር። ደንቡ በ1968 ተሽሮ ፊልሞችን በዕድሜ የመመደብ አሠራር ሲተካ፣ ለአርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታፍኖ የኖረው ነገር ፈነዳ። ጊዜውም ተስማማው፤ በአሜሪካ ከተሞች ወንጀል በርትቶ ነበር፣ የቬትናም ጦርነት የመንግሥትን አመኔታ አሳጥቶ ነበር፣ ፖሊስና ዳኛ ወንጀለኛን ይለቃሉ የሚል ስሜትም ተስፋፍቶ ነበር። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ፊልም ለመሥራት ሰፊ አዳራሽም፣ ብዙ ተዋናይም አያስፈልግም፤ አንድ የተቆጣ ሰው፣ አንድ መሣሪያና ጨለማ መንገድ ይበቃል። ተበዳዩም ወንድ ብቻ አልነበረም፤ በ1973 በወጣው «ኮፊ» ፓም ግሪየር የተጫወተችው ነርስ፣ እህቷን በአደንዛዥ ዕፅ ያጠፉትን ሰዎች ታድናለች። ቀድመው ካልጫኑት ለደንበኞችዎ ይህን ያስቀድሙላቸው፤ ከብሮንሰን ፊልም ይልቅ ሕይወት አለው፣ ነርሷም ከምትበቀለው ሰው ጋር ስትነጋገር የምታመነታባቸው ጊዜያት አሉ።

ጥያቄ፦ በደሴ የሆጤ ነዋሪ ነኝ። የ8 ዓመት ወንድ ልጄ ከእኔ ጋር አክሽን ፊልም ማየት ይወዳል፤ ወንጀለኛው ሲመታ ያጨበጭባል። ባለቤቴ «ጨካኝ ታደርገዋለህ» ትለኛለች። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጨብጨቡ ብቻውን አያስፈራም። ዚልማንና ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ባወጡት ጥናት ለትንንሽ ልጆች የአንድ ተረት ሦስት መጨረሻዎችን አሳይተው ነበር፤ በአንዱ ክፉው ሰው ሳይቀጣ ይቀራል፣ በአንዱ የሚገባውን ያህል ይቀጣል፣ በአንዱ ከልክ በላይ ይሠቃያል። የ4 ዓመት ልጆች ቅጣቱ በከፋ ቁጥር ይደሰቱ ነበር፤ የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች ግን ይበልጥ የወደዱት ልኩን የጠበቀውን ነው፣ ሲበዛባቸውም ደስታቸው ቀንሷል። የእርስዎ ልጅ በዚያ ዕድሜ ላይ ስለሆነ ሚዛኑ እየተፈጠረ ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ «ይኼ ሰውዬ ይህን ያህል ይገባው ነበር?» ብለው ቢጠይቁት ከሚጠብቁት የተሻለ መልስ ሊሰጥዎት ይችላል። ባለቤትዎ ግን በአንድ በኩል ትክክል ናቸው። ከላይ ለእህታችን ያነሣናቸው ዓይነት ፊልሞች፣ ማለትም አስገድዶ መድፈርና ሥቃይ እየተዘረዘረ የሚታይባቸው፣ ለልጅ አይሆኑም፤ የሽፋኑ ሥዕልም ይህን አይነግርዎትም። አዲስ ፊልም ያስጫኑ እንደሆነ ልጁ ትምህርት ቤት በዋለበት ሰዓት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብቻዎን ይመልከቱት፤ የሚከፋው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።