ስለ ሥጋ በል ተክሎችና ጀርም ስለሚገድሉት ኬሚካሎቻቸው ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሥጋ በል ተክሎች ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፣ በተለይ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚከለክሉበት ኬሚስትሪ በጣም ይገርመኛል። የመጣላችሁን ጠይቁ፣ በተቻለኝ ሁሉንም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ተክሉ ዝንብ ይዞ ቀናት ሙሉ ሲፈጨው ዝንቡ ለምን አይበሰብስም?

መልስ፦ አሪፍ ጥያቄ ነው፣ ዳርዊንም እኮ በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይሄን አይቷል። ድሮሴራ (በሚያጣብቅ ቅጠሉ ነፍሳት የሚይዝ ተክል) ቅጠል ላይ የተቀመጠው ነገር ንጹህ ሆኖ ሲቆይ ከቅጠሉ ውጪ እርጥብ ቦታ ላይ የተቀመጠው ግን በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ተወሮ ነበር። ተክሉ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፣ ስለዚህ ባክቴሪያ ከቀደመው ናይትሮጅኑን ይወስድበታል ቅጠሉም አብሮ ይበሰብሳል። ፈሳሹ አሲድ ነው፣ የፈንገስን ግድግዳ የሚቆርጥ ካይቲኔዝ የሚባል ኢንዛይምም አለው፣ በዛ ላይ ደግሞ ናፍቶኪኖኖች አሉ።

ጥያቄ፦ እነሱ ደሞ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ዋናው ፕላምባጂን ነው፣ ድሮሴራ፣ ዲዮኒያ (ቅጠሉ ክድን የሚለው) እና ድሮሶፊለም የሚባሉ ሥጋ በል ተክሎች ውስጥ ይገኛል። ሴል ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሮን ይቀበልና ለኦክስጅን ያቀብላል፣ ከዛ የሚፈጠረው ኃይለኛ ኦክስጅን ፕሮቲኑንም ዲኤንኤውንም ያበላሻል፣ እና ይሄ ዑደት እየተደጋገመ ስለሚሄድ ትንሽ መጠን ብዙ ጉዳት ያደርሳል።

ጥያቄ፦ በጥናት የተረጋገጠ ነገር አለ ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ አለ እንጂ! እኔ በጣም የምወደው በ2010 የወጣውን የእስራኤል ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ኔፔንቴስ ካሲያና የሚባለውን የሰሜን ምሥራቅ ህንድ ተክል ወሰዱና ነፍሳት የሚይዝበት ማሰሮ መሰል ቅጠሉ ገና ሳይከፈት ውስጡ ካይቲን ወጉበት፣ ካይቲን የነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ነገር ነው። ተክሉ ነፍሳት የገባ መሰለውና ድሮሴሮን የሚባል ናፍቶኪኖንና አንድ ዘመዱን ፈሳሹ ውስጥ አመረተ፣ እነዚህም የተክል ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚያሳምሙ ፈንገሶችንም ላብራቶሪ ውስጥ አስቁመዋል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ባክቴሪያ ይገድላሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። የሰሜን አሜሪካዋ ሳራሴንያ ፑርፑሪያ የምትባለው ተክል ዝናብ ውሃ ታጠራቅምና የመፍጨቱን ሥራ በብዛት ለባክቴሪያዎችና ለትንኝ እጮች ትተዋለች።

ጥያቄ፦ እግሬ ላይ ፈንገስ አለብኝ፣ ቅጠሉን ጨምቄ ብቀባውስ?

መልስ፦ እህቴ እባክሽ እንዳታደርጊው። ፕላምባጂን የፈንገስ ሴል ካንቺ ሴል አይለይም፣ ቆዳ ያቃጥላል። ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ፈንገስ መግደልና ሰው አካል ላይ መድኃኒት መሆን በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው፣ መጠኑም አይታወቅም። ፋርማሲ ወይ ሐኪም ጋር ሂጂ። አውሮፓ ውስጥ ድሮሴራ ለሳል ድሮም ይጠጣ ነበር፣ ግን በልቅሚያው ምክንያት እዛ ስለተመናመነ አሁን በብዛት ከማዳጋስካር ነው የሚመጣው፣ ይሄም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ እኛ አገር አለ?

መልስ፦ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ዩትሪኩላሪያ አለ። ፕላምባጂን ያለበትን ከፈለግክ ግን ፕላምባጎ ዘይላኒካ አለልህ፣ ነጭ አበባ ያለው፣ የባህል ሐኪሞች ሥሩን የሚጠቀሙበት። ሥጋ በል አይደለም፣ ግን ከነድሮሴራ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፣ የአበባውን ግርጌ በጣትህ ብትነካው በሚያጣብቁ ትንንሽ ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ሥሩን ግን ቆዳህ ላይ እንዳታደርግ፣ ውሃ ያስቋጥራል።