ሁሌ አንድ አይነት ስለምለብስ ስታይል የለኝም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ደሴ ነው የምኖረው ስራዬ ግን ኮምቦልቻ ነው። ጓደኞቼ «አንቺ ስታይል የለሽም፣ ሁሌ አንድ አይነት ነው የምትለብሺው» ይሉኛል። ቲክቶክ ላይ የማየውን እንዳልገዛ ደሞዜ አይበቃም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እንደውም ሳታውቂው ጀምረሻል። ብዙ ሰው የራስ ስታይል ሲባል ከሰው ሁሉ መለየት ወይ ውድ ነገር መልበስ ይመስለዋል፣ አይደለም። እየደጋገምሽ የምታነሻቸውን ልብሶች አልጋ ላይ ዘርጊና እያቸው፣ ቀለማቸው ነው? ስፋታቸው ነው? ጨርቃቸው? የሚያመሳስላቸውን ካገኘሽ ቀጣይ ስትገዢ እሱን ፈልጊ።

ደሞ ያንቺ ኑሮና የቲክቶኳ ልጅ ኑሮ አይገናኝም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ ደሞ ሙቀት ነው፣ ስለዚህ ላንቺ የሚያዋጣው ከላይ ቶሎ የሚወለቅ ሹራብ ወይ ጃኬት፣ ከውስጥ ስስ ሸሚዝ ነው። ጋቢ መሰል የሀገር ልብስ ጣል ብታደርጊም ያምራል፣ ለበዓል ብቻ ነው ያለው ማነው?

ብሩን በተመለከተ፣ ቦንዳ ግዢ (እኔ በበኩሌ ከአዲሱ እሱን እመርጣለሁ)። ትከሻው ልክሽ ከሆነ ወገቡንና እጅጌውን ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፣ ትከሻው ከሰፋ ግን ማስተካከያው ስለሚከብድ ቢያምርሽም ተይው።