ሀብታም ካውንቲ ውስጥ ደሃ የሚባለው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ስድስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። እኔ በአንድ ትልቅ ድርጅት ሥር በሚተዳደር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በካውንቲው ዝቅተኛ ደመወዝ ሙሉ ሰዓት እሠራለሁ። ባለቤቴ ትንሹ ልጃችን ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ቤት ናት። ሰሞኑን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ስልኩን ከፍቶ የምንኖርበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በአሜሪካ ካሉት ሀብታም ካውንቲዎች አንዱ እንደሆነ፣ የነዋሪው ገቢ በዓመት ከ120,000 ዶላር እንደሚበልጥ፣ ደሃው ከመቶ 7 ገደማ ብቻ እንደሆነና ሥራ አጡም ጥቂት እንደሆነ አነበበልኝ። እኔ የዚያን ሲሶ እንኳ አላገኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬ ዝም አልኩ፤ ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ ደሃ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ካልሆንኩስ ወሩ ሳያልቅ እጄ ለምን ባዶ ይሆናል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ባልደረባዎ ያነበበልዎት ቁጥር ስሕተት የለበትም፤ እርስዎም በመንግሥቱ አቆጣጠር ደሃ አይደሉም። ይህን ሲያነቡ እንደሚበሳጩ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ ልጀምር።

በመጀመሪያ 120,000 ዶላሩ የአንድ ሰው ገቢ አይደለም። የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያድሩትን 15 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ሁሉ ገቢ ይደምርና ቤቶቹን ካነሰው እስከ በዛው በሰልፍ ካቆመ በኋላ መሃል ላይ የተገኘውን ቤት ገቢ ይወስዳል። ፖቶማክ ያለ የሐኪም ባልና ሚስት ቤት እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ጆርጂያ አቬኑ ዳር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ በደባልነት የሚኖሩ ሦስት ወጣቶች ቤትም እንደ አንድ ይቆጠራል። አንዱ ኡበር ቢነዳ፣ ሁለተኛው ነርሲንግ ሆም ቢሠራ፣ ሦስተኛው ምግብ ቤት ቢያስተናግድና እያንዳንዳቸው 38,000 ዶላር ቢያገኙ፣ ያ ቤት 114,000 ዶላር ገቢ ያለው ሆኖ ይመዘገባል። ከውጭ ለሚያየው የደላው ቤት ነው፤ ውስጡ ግን አንደኛው ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፎ ያድራል። የሚገርመው፣ ድህነት ሲለካ ደግሞ ስሌቱ ይቀየራል። ደባሎች በሥጋ ወይም በጋብቻ ስላልተዛመዱ ሦስቱም ለየብቻቸው እንደ አንድ ሰው ይለካሉ። እንግዲህ እነዚሁ ሰዎች በአንዱ ሠንጠረዥ አንድ ቤት፣ በሌላው ሦስት ብቸኞች ናቸው ማለት ነው። እኔ በግብር ሰሞን በበጎ ፈቃድ ቅጽ ስሞላ በሰዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ መደናገር የማየው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የድህነት ወለል የሚባለው መስመር ነው። ይህን መስመር ያወጡት በሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ይሠሩ የነበሩት ሞሊ ኦርሻንስኪ የተባሉ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1955 በተደረገ የቤተሰብ ወጪ ጥናት አንድ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶውን ገደማ ለምግብ እንደሚያወጣ ታይቶ ስለነበር፣ እጅግ ቆጣቢ የሆነውን የምግብ ወጪ በሦስት አባዙት፤ የተገኘው ውጤት በ1969 የመንግሥት መለኪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መስመሩ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ዛሬ የሰው ደመወዝ የሚያልቀው በምግብ ሳይሆን በቤት ኪራይ፣ በልጆች መዋያና በመኪና ኢንሹራንስ ነው፤ መስመሩ ግን አሁንም የምግቡን ቅርጫት እንደ ተሸከመ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር ለእርዳታ መመዘኛ የሚውለው መስመር በሁሉም ግዛቶች አንድ መሆኑ ነው። ሚሲሲፒ ገጠር ያለ ቤተሰብና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ቤተሰብ በአንድ ሜትር ይለካሉ።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንግባ። በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ የወጣው መስመር 32,150 ዶላር ነው። (የቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ለስታቲስቲክስ የሚጠቀምበት ከዚህ በጥቂቱ ይለያል።) ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በካውንቲው 51 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሚከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 17.65 ዶላር ነው። ይህ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ሲሠራ 36,712 ዶላር ይሆናል። ከመስመሩ በ4,562 ዶላር ስለሚበልጡ ደሃ አይባሉም። ባለቤትዎ ሦስተኛ ልጅ ቢወልዱ ግን የአምስት ሰው መስመር 37,650 ዶላር ስለሆነ፣ ደመወዝዎ ሳይነካ በማግስቱ ደሃ ይሆናሉ።

ይህ 36,712 ዶላር ከቀረጥ በፊት ያለ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከመቶ 7.65 ሲቆረጥ 33,904 ይቀራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሁለት መኝታ ያለው ቤት ከ2,000 ዶላር በታች ማግኘት ብርቅ እንደሆነ ያውቁታል። ኪራዩን 2,000 ብለን ብንይዝ እንኳ በዓመት 24,000 ይወስዳል፤ ለአራት ሰው ምግብ፣ ስልክ፣ መብራትና ልብስ የሚተርፈው በወር 825 ዶላር ገደማ ነው። ወሩ ሳያልቅ እጅዎ ባዶ የሚሆነው በእርስዎ አባካኝነት አይደለም።

ከዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ አገር ቤት የምንልከው ገንዘብ። ለእናትዎ መድኃኒት ወይም ለወንድምዎ ትምህርት በየወሩ የሚልኩት ዶላር በየትኛውም የድህነት ስሌት ውስጥ ተቀንሶ አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ገንዘቡ አሁንም የእርስዎ ነው፤ እናትዎም ጎንደር ስለሆኑ ከቤተሰብዎ አባላት ውስጥ አይቆጠሩም።

ሥራ አጥነቱን በተመለከተ ባጭሩ ልለፈው። ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። በተጠየቀበት ሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ተከፍሎት የሠራ እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል፤ ተስፋ ቆርጦ መፈለጉን የተወው ደግሞ ከነጭራሹ ከስሌቱ ይወጣል። አገሩ ሳለ ሒሳብ ያስተማረ ሰው እዚህ ትኬት ሲቆርጥ ቢውል በመዝገቡ ተቀጣሪ ነው፣ አለቀ። ደግሞም ካውንቲው ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተጣበቀ ነው፤ ቤተስዳ ላይ የብሔራዊ ጤና ተቋማቱ፣ ዋይት ኦክ ላይ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ አሉ። በ2025 ከፌዴራል ሥራ ሰው ሲቀነስ፣ በዚያው ዓመት ከጥቅምት 1 ጀምሮም የመንግሥቱ በር ለ43 ቀናት ሲዘጋ፣ ዜናው ስለ መንግሥት ሠራተኛው ነበር። የእነሱን መኪና የሚያቆመው፣ ምሳቸውን የሚያቀርበውና ከኤርፖርት የሚያመጣቸው ሰው ግን የትኛውም የስንብት ደብዳቤ ሳይደርሰው ሰዓቱ ይቀነሳል።

እንግዲህ የእኔ ምክር “ደሃ ነኝ ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ትተው “ከመስመሩ ምን ያህል እጥፍ ላይ ነኝ?” ብለው እንዲጠይቁ ነው። አብዛኛው እርዳታ የሚሰጠው ከመስመሩ በላይ ላለም ሰው ስለሆነ፣ “እኛ ደሃ አይደለንም” ብሎ ቅጹን ሳይሞላ የሚቀር ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። በ2025 መስመር ስንሄድ በትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ለማግኘት የመስመሩ ከመቶ 130፣ ማለትም ለአራት ሰው 41,795 ዶላር ነው፤ እርስዎ ከዚያ በታች ነዎት። ትንሹ ልጅዎ አምስት ዓመት ካልሞላው ዊክ የሚባለው የእናቶችና ሕፃናት የምግብ ድጋፍ እስከ ከመቶ 185 ድረስ ይደርሳል። ለሁለቱም የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ሜሪላንድ ለአዋቂዎች ሜዲኬድ የሚባለውን፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን የምትሰጠው እስከ ከመቶ 138 ሲሆን፣ ይህም ለአራት ሰው 44,367 ዶላር ነው፤ ለልጆች ከዚህም በጣም ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ግን የመኖሪያ ፈቃድዎ ዓይነትና የቆዩበት ዘመን ይታያል። ፉድ ስታምፕን በሚመለከት፣ ሐምሌ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ጥገኝነት የተፈቀደላቸውንና በስደተኝነት (ሪፊዩጂ) የገቡትን ከተጠቃሚነት ስላስወጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መልስና የሌለው ሰው መልስ አንድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ታክስዎን ሲያሠሩ የሠራተኛ ገቢ ድጎማ የሚባለውን እንዳይዘሉት። ለሥራ የሚያገለግል የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያላቸው፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ለ2025 የግብር ዘመን እስከ 64,430 ዶላር ገቢ ድረስ የሚያገኙት ነገር አለ፤ የእርስዎን በመሰለ ገቢ ላይ በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ሜሪላንድ የራሷን ትጨምራለች፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲም በራሱ ገንዘብ ተጨማሪ ቼክ ይልካል፤ ይህን የሚያደርጉ ካውንቲዎች በአሜሪካ እጅግ ጥቂት ናቸው። ቼኩ በፖስታ ሲመጣ ማስታወቂያ መስሏቸው የጣሉት ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጥያቄ፦ እኔ በቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ በሰዓት 15 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈለኛል። ድርጅቱ ከስድሳ በላይ ሠራተኞች አሉት። ጓደኛዬ 17.65 ይገባሻል ትለኛለች፤ አለቃዬ ደግሞ “የእኛ ዘርፍ የተለየ ነው” ይለኛል። ማንን ልመን?
(ከዊተን)

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የካውንቲው ሕግ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትልቅ ድርጅት 17.65፣ ከ11 እስከ 50 ሠራተኛ ያለው 16.00፣ ከዚያ ያነሰው 15.50 ዶላር ይከፍላል። ሆኖም የቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚሰጡና ከጠቅላላ ገቢያቸው ቢያንስ ከመቶ 75ቱን ከሜዲኬድ የሚያገኙ ድርጅቶች 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ እስካላቸው ድረስ፣ ስድሳም ይኑራቸው ሁለት መቶ፣ በመካከለኛው ደረጃ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል። አለቃዎ “የተለየ ነው” ያሉት ይህን ከሆነ ልክ ናቸው፤ ግን ያም ቢሆን 16 ዶላር ነው እንጂ 15.50 አይደለም። የሚከፈልዎት ለትንንሽ ድርጅቶች የተተወው ደረጃ ነው። በሰዓት 50 ሳንቲም ትንሽ ይመስላል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ሲሠሩ በዓመት 1,040 ዶላር ነው። ድርጅቱ ደንበኞቹን የሚያስከፍለው በግል ከሆነ ደግሞ ጓደኛዎ ትክክል ናት።

በመጀመሪያ የክፍያ ወረቀቶችዎን ከሐምሌ ጀምሮ ያሰባስቡ፤ የሠሩበትንም ሰዓት በደብተር ይያዙ። ከዚያ አለቃዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። መልስ ካጡ አቤቱታ የሚቀርበው ሮክቪል ለሚገኘው የካውንቲው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው። አማርኛ ካውንቲው አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አይፈሩ። አቤት በማለትዎ ከሥራ ማባረር ወይም ሰዓት መቀነስም በሕግ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ ከቆጠራ መሥሪያ ቤት ገቢዬን፣ ኪራዬንና ሥራዬን የሚጠይቅ ረጅም ቅጽ በፖስታ ደረሰኝ። ኡበር ነው የምነዳው። ብሞላው ለግብር ወይም ለኢሚግሬሽን ይተላለፋል? ገቢዬንስ የትኛውን ልጻፍ?
(ከጀርመንታውን)

መልስ፦ የደረሰዎት በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች የሚላከው ጥናት ሲሆን፣ መሙላቱ በሕግ ግዴታ ነው። ከላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት አንባቢ የጠየቁት ቁጥርም ከዚሁ ቅጽ የተገኘ ነው። ሕጉ መሥሪያ ቤቱ የግለሰብን መልስ ለግብርም ሆነ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ምሥጢር ያወጣ ሠራተኛ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል።

ገቢውን በሚመለከት፣ ብዙ ሾፌር የሚሳሳተው ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ የሚልክለትን ጠቅላላ ድምር በመገልበጥ ነው። ቅጹ በራስ ሥራ የተገኘን ገቢ የሚጠይቀው ወጪ ከወጣ በኋላ ነው። ለምሳሌ በዓመቱ 58,000 ዶላር ገብቶልዎት 30,000 ማይል ለሥራ ነድተው ከሆነ፣ በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ በፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ሲሰላ ወጪዎ 21,000 ዶላር ነው፤ ስለዚህ የሚጽፉት 37,000 ነው። አምና ያሠሩት ታክስ ላይ የንግድ ሥራ ገቢና ወጪ የተዘረዘረበት ገጽ መጨረሻ ላይ ያለውን የተጣራ ትርፍ ይመልከቱና ከእሱ ጋር ያመሳክሩት።