ጉልቻው ለምን ፈነዳ?

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ባቢሌ ዘመድ ጋ ሄደን ግቢ ውስጥ ትልቅ ድስት ልንጥድ ከሜዳ ሶስት ድንጋይ ለቅመን ጎለትን። እሳቱ ነደድ ሲል አንዱ "ጧ!" ብሎ ተፈናጠረ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በማግስቱ ሳነሳቸው ጠርዛቸው እንደ ስኳር እጄ ላይ ተፈረፈረ። ስንት ዘመን ፀሐይና ዝናብ የቻለ ድንጋይ እንዴት አንድ ቀን እሳት አቃተው? እናቴ ቤት ያለው ጥቁር ጉልቻ እኮ በእድሜ ይበልጠኛል። (ከሐረር)

መልስ፦ እህቴ እንኳን አይንሽ ተረፈ! ባቢሌ አካባቢ እንደዛ ተቆልሎ የምታይው ድንጋይ ግራናይት ነው፣ ጠጋ ብለሽ ካየሽው ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም፣ ብርጭቆ የሚመስለው ኳርትዝ፣ ነጣ ወይ ሮዝ ያለው ፌልድስፓር፣ የሚያብለጨልጨው ማይካ። ችግሩ እነዚህ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም፣ ኳርትዝ ከፌልድስፓር በደንብ ይበልጣል፣ እሱ ራሱ እንኳን ባንድ ጎኑ ከሌላው ጎኑ የበለጠ ይለጠጣል፣ ተጣብቀው ስለተሰሩ መሄጃ የላቸውም፣ ሲገፋፉ ሲገፋፉ ድንበራቸው ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ደግሞ ኳርትዝ የውስጥ አደራደሩን ይቀይርና ሰፋ ይላል። ደህና ፍም እዚህ ሙቀት ላይ መድረስ አይከብደውም። የፈነዳው ግን ምናልባት ውስጡ ውሃ ነበረው፣ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው እንደዛ የሚያደርገው፣ የወንዝ ድንጋይ እሳት ላይ አይደረግም የሚባለውም ለዚህ ነው።

የሚገርመው ይሄ ሁሉ ሆኖ ሚዛን ላይ ብታወጪው ክብደቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። የተቀየረው ሌላው ነገር ነው። ጤነኛውን በመዶሻ መታ መታ አድርጊው፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሻል፣ የተቃጠለው "ዷ" ብሎ ዝም ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ በጤነኛ ግራናይት ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል፣ 600 ዲግሪ ባየው ውስጥ ግን ስንጥቁ ላይ እየተደናቀፈ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ውሃ ጠብ አድርጊበት ደግሞ፣ ይጠጣዋል፤ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ሺህ እጥፍና ከዛም በላይ ሊጨምር ይችላል። ጥንካሬውማ አለቀ፣ ባሩድ ሳይመጣ በፊት ማዕድን ቆፋሪዎች አለቱ ስር እሳት እያነደዱ ይፈረካክሱት የነበረውም በዚሁ ነው።

የእናትሽ ጥቁሩ ባዛልት ከሆነ (መልኩን ስትነግሪኝ ይመስለኛል) ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅንጣቱም ደቃቅ ነው፣ መጀመሪያም ከ1000 ዲግሪ በላይ ከነበረ የቀለጠ አለት ነው የመጣው። ደሞ ድንጋይ ያየውን ሙቀት አይረሳም፣ ካሁን በፊት ከደረሰበት ካልበለጠበት በስተቀር አዲስ ስንጥቅ ብዙም አያወጣም፣ ስለዚህ ያ ጉልቻ መሰንጠቅ ያለበትን ድሮ ሰንጥቆ ጨርሷል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፣ እሺ፣ ግን ወጡን ሊደፋ ይችላል።

ሌላ ጊዜ ግራናይት ብቻ ካገኘሽ ከደረቅ ቦታ አንሺው፣ መጀመሪያ በትንሽ እሳት ቀስ ብለሽ አሙቂው፣ ሰውም ራቅ ይበል፣ ስትጨርሺም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፊበት። እነዛ ሁለቱን ግን ጣያቸው፣ ድስቱን ይዘው ነው የሚወርዱት።