«ትርፍ ከፍለንዎታልና ይመልሱ»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ኤስኤስአይ (ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚከፍለው ድጋፍ) ታገኛለች፣ ሌላ ገቢ የላትም። ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2025 ተመለሰች። ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣላት ደብዳቤ ከዲሴምበር እስከ ማርች የተከፈላት 3,844 ዶላር በሙሉ ትርፍ ስለሆነ ትመልስ ይላል። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ከአገር ስትወጣ ማሳወቅ እንዳለባትም የነገራት የለም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈልን ብንገላገል ይሻላል ወይስ መከራከር ይቻላል? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አንድ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት ሂሳቡን ይፈትሹ፤ በጻፉልን ቀኖች መሠረት ቁጥሩ ትክክል አይደለም።

ሕጉ እንዲህ ነው። አንድ የኤስኤስአይ ተቀባይ ሙሉ የካላንደር ወር ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ የዚያ ወር ክፍያ አይገባውም። 30 ተከታታይ ቀን ውጭ የቆየ ሰው ደግሞ ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን እዚህ እስኪቆይ ድረስ ገና እንዳልተመለሰ ይቆጠራል። ብዙ ወገኖቻችንን የሚጎዳው ይኼ ሁለተኛው ነው፤ «ተመልሻለሁ እኮ» ብለው የተቀበሉት ገንዘብ በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። የወጡበትና የገቡበት ቀን ከ30ው ቀን ውስጥ አይቆጠሩም።

ወደ እናትዎ እንምጣ። ዲሴምበርን እስከ 20ኛው ቀን እዚህ ነበሩ፤ ስለዚህ የዲሴምበር ክፍያ ይገባቸዋል። ጃንዋሪን ሙሉውን ውጭ ነበሩ፤ አይገባቸውም። ፌብሩዋሪም የለም፤ ምክንያቱም የ30 ቀኑ ቆጠራ ፌብሩዋሪ 6 ጀምሮ የሚያልቀው ማርች 7 ነው። ከማርች 8 በኋላ ላሉት 24 ቀኖች ግን ክፍያው ተሰልቶ ይገባቸዋል። የ2025 ሙሉ የፌደራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ስለሆነ ትርፍ የተከፈለው የሁለት ወር 1,934 ዶላርና ከማርች ደግሞ 218 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 2,152 ዶላር አካባቢ ነው። ደብዳቤው ወደ 1,690 ዶላር አብዝቶ ጠይቋል ማለት ነው።

የባንክ ስቴትመንት ይዘው ሲያመሳክሩ አንድ ነገር እንዳያሳስትዎ። ኤስኤስአይ በየወሩ 1ኛው ቀን ይከፈላል፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ግን አስቀድሞ ይገባል። በእነዚያ ወሮች አራቱም ቀድመው ነው የገቡት፦ የዲሴምበሩ ኖቬምበር 29፣ የጃንዋሪው ዲሴምበር 31፣ የፌብሩዋሪው ጃንዋሪ 31፣ የማርቹ ፌብሩዋሪ 28። ዲሴምበር 31 ላይ የገባውን 967 ዶላር «የዲሴምበር ነው» ብሎ የተከራከረ ሰው በገዛ ማስረጃው ይሸነፋል።

አሁን ወደ ፎርሙ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፤ ሰው የሚቀላቅላቸውም እዚህ ላይ ነው። «ዕዳው ወይም መጠኑ ልክ አይደለም» ለማለት ፎርም ኤስኤስኤ-561 ይሞላል፤ ይህ እንደገና ይታይልኝ የሚባለው ነው። «ዕዳው ልክ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ መክፈልም አልችልም፣ ይማሩኝ» ለማለት ደግሞ ኤስኤስኤ-632 አለ፤ ሰው ዌቨር የሚለው እሱን ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል፤ ምሕረት መጠየቅ ዕዳውን ማመን አይደለም። እናትዎ ሁለቱንም ያስገቡ፤ በመጀመሪያው ዲሴምበርንና የማርችን ቀሪ ቀኖች ያስነሳሉ፣ በሁለተኛው ለቀረው 2,152 ዶላር ምሕረት ይጠይቃሉ።

የጊዜ ገደቡ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን ነው። ለ561 ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ 60 ቀን አለ፤ ደብዳቤው በ5 ቀን እንደደረሰ ስለሚታሰብ ከታተመው ቀን 65 ይሆናል። ነገር ግን 60ውን አይጠብቁ። በመጀመሪያው 30 ቀን ውስጥ ከጠየቁ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከቼካቸው መቁረጥ አይጀምሩም። ለ632 የጊዜ ገደብ የለውም፤ ከተከፈለ በኋላ እንኳ ይጠየቃል፣ ከተፈቀደም የተቆረጠው ሊመለስ ይችላል።

561 ላይ ጉዳዩ በወረቀት ብቻ እንዲታይ ወይም ፊት ለፊት ተገናኝቶ ለመነጋገር መምረጥ ይቻላል። ፊት ለፊቱን ይምረጡ፤ የፓስፖርት ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይና ፎቶ ኮፒው ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ አንድ አይደለም። የመውጫና የመግቢያ ማኅተሙን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የቦርዲንግ ካርዱን ያያይዙ። ማኅተም ከሌለ ትኬቱ የግድ ነው።

632 ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው «አላውቅም ነበር» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ስለሚያልፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲመዝን ዕድሜን፣ የጤና ሁኔታን፣ የትምህርት ደረጃን፣ እንግሊዝኛ አለማወቅንም ጭምር እንዲያይ ያዘዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን ይጻፉት፦ ደብዳቤዎቹ በምን ቋንቋ ይመጡ ነበር፣ ማን ያነብላቸው ነበር፣ ኤስኤስአይ ሲፈቀድላቸው የጉዞውን ደንብ በአማርኛ ያስረዳቸው ነበር ወይ፣ ከጉዞው በኋላ ሲጠየቁ ምን መለሱ። የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የመድኃኒት ወጪ ወረቀት ይያያዝ። ልጆች የሚረዱት ገንዘብ ካለ አይደበቅ፤ ፎርሙ የሚፈረመው በሐሰት ቢገኝ በሕግ እንደሚያስጠይቅ አምኖ ነው።

ቢሮው ምሕረቱን ከመከልከሉ በፊት እናትዎን ጠርቶ የማነጋገር ግዴታ አለበት፤ ከዚያ ቀጠሮ ቢያንስ 5 ቀን አስቀድሞም ፋይላቸውን የማየት መብት አላቸው። ይህን መብት የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው፤ ያሳዝናል፣ የቢሮው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፋይሉ ውስጥ ነውና። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፣ አማርኛም አለ። እርስዎ አብረው ይሂዱ እንጂ አያስተርጉሙ፤ ልጅ ሲያስተረጉም የእናትንና የራሱን ቃል ይቀላቅላል።

ያስገቡትን ሁሉ ቅጂውን ቢሮ ወስደው የተቀበሉበት ቀን ያለበት ማኅተም ያስደርጉበት። «አልደረሰንም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው።

ሁሉም ካልተሳካ ከኤስኤስአይ የሚቆረጠው ማጭበርበር ካልተገኘ በስተቀር ከወር ገቢያቸው 10 በመቶ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው። ጡረታዬን ቀድሜ አስጀምሬ ኡበር እነዳለሁ። ለ2025 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 41,000 ዶላር እንደማገኝ ነግሬያቸው ነበር፤ አሁን 8,800 ዶላር ትርፍ ወስደሃል፣ ከወርሃዊ ጡረታህ ግማሹን እንቆርጣለን አሉኝ። በግማሽ ጡረታ ኪራይ አይከፈልም። (ሹፌር፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ የነገሯቸው ቁጥር ከኡበር የገባልዎትን ጠቅላላ ገንዘብ ይመስላል። በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚታየው ወጪ ተቀንሶ የቀረው የተጣራ ገቢ ነው። በዓመቱ ለሥራ 20,000 ማይል ከነዱ፣ በ2025 የታክስ ቅናሽ በማይል 70 ሳንቲም ስለሆነ 14,000 ዶላር ይቀነሳል፤ የተጣራው 27,000 ይሆናል። ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ላልደረሰ ሰው የ2025 ጣሪያ 23,400 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ በገባ በየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ይያዛል። ትርፉ 3,600፣ ግማሹ 1,800። ከ8,800 ጋር ያስተያዩት። ያስገቡትን የታክስ ወረቀት፣ በተለይ የንግድ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን ስኬጁል ሲ፣ ከ561 ጋር ያያይዙ። ማይሉን የመዘገቡበት ደብተር ወይም አፕ ከሌለ ታክሱም ላይ ችግር አለና መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

ስለ ግማሹ፦ በ2024 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከጡረታና ከአካል ጉዳት ክፍያ የሚቆረጠው ወደ 10 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ከኤፕሪል 25 ቀን 2025 ወዲህ ለተላኩ ደብዳቤዎች ግን 50 በመቶ ሆኗል። ይህ እርስዎ ዝም ካሉ የሚሠራ ነው። በፎርም ኤስኤስኤ-634 በየወሩ የሚቆረጥብዎት ዝቅ እንዲል መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚችሉትን መጠን ራስዎ ይጻፉ፣ ባዶ አይተዉት። በእርግጥ የሚያዘው ገንዘብ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሲደርሱ ክፍያ የተያዘባቸው ወራት ታስበው ጡረታዎ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ የቢሮው ሠራተኛ ራሷ በስልክ «ምንም ችግር የለውም» ብላኝ ነበር። አሁን ዕዳ መጣብኝ። (አንባቢ፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ከመሥሪያ ቤቱ በተሰጠ የተሳሳተ መረጃ ተማምኖ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ጥፋተኛ ተደርጎ አይታይም፤ 632 ላይ የሚጽፉት ይህንን ነው። ግን ማሳየት ይጠበቅብዎታል። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት ከስልክ ቢልዎ ላይ ያውጡ፣ የሠራተኛዋን ስም ካስታወሱ ይጻፉ፣ የጠየቁትንና የተመለሰልዎትን ቃል በቃል ያስፍሩ። ስህተቱ የእነሱ መሆኑ ብቻውን ዕዳውን አይሰርዝም፤ እርስዎ ካላመለከቱ ማንም አስታውሶ አይምርዎትም።

ጥያቄ፦ «ትርፍ ወስደሃል፣ ዛሬ በጊፍት ካርድ ካልከፈልክ ትታሰራለህ» የሚል ስልክ ተደወለልኝ።

መልስ፦ ሌባ ነው፤ ይዝጉበት። ሶሻል ሴኩሪቲ በጊፍት ካርድ አይቀበልም። የእውነት ዕዳ ካለ የይግባኝ መብትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል፤ ጥርጣሬ ካለዎ ደዋዩ በሰጠዎት ሳይሆን በ1-800-772-1213 ራስዎ ደውለው ይጠይቁ።