ለወጣት የደን ጠባቂዎች

ልጆቼ፣ አብዛኛውን ዕድሜዬን በመንግሥት ደኖች ጥበቃ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ማለዳ ለቅኝት ስትወጡ ሳይ ከዛፎቹ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ በሰላም መመለሳችሁ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የጥድ ደን ውስጥ አመሻሽ ላይ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁና ባልደረባዬን ሳልጠብቅ ብቻዬን ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። «ቁሙ!» ብዬ ከመጮሄ አንደኛው በመጥረቢያው እጀታ መትቶ ግራ ክንዴን ሰበረው። ወድቄ ሳለሁ ከፊቴ የነበረው ጉቶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ልቡ የቀላ፣ ገና ያልደረቀ፣ ፍቅፋቂው በዙሪያው ሣር ላይ የተበተነ ነበር። ክንዴ ዳነ፤ ክሱ ግን ምስክር ስላልነበረኝና በማግስቱ እንኳ ቦታው እንዲለካና እንዲመዘገብ ስላላደረግሁ ሳይጸና ቀረ።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን በሕግ ይጠብቃል፤ ሕጉ በፍርድ ቤት የሚሠራው ግን እናንተ በምታቀርቡት ማስረጃ ነው። የዛፉን ዓይነት፣ የጉቶውን ውፍረት፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር እዚያው ጻፉ፤ መለኪያ ሜትሩን ጉቶው ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሡ። የተያዘ መጥረቢያ ወይም ግንድ ለፖሊስ ስታስረክቡ የተፈረመበት ደረሰኝ ተቀበሉ። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ሳትመቱና ሳታዋርዱ ወዲያውኑ ለፖሊስ አስረክቡ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበትና የእናንተ መዘግየት መብቱን ይነካል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ቢፈቅድም፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀርና አጸፋው ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ብቻ ነው። የሸሸን ሰው መተኮስ በዚህ አይሸፈንም።

ማገዶ የተሸከመችን እናትና ሌሊት ጣውላ የሚጭንን ነጋዴ በአንድ ዓይን አትዩ። ለእርሷ ብዙ ጊዜ ምክር ይበቃል፤ በነጋዴው ፊት ግን መንገድ ከመዝጋት ይልቅ ተደብቆ ሰሌዳውን መመዝገብና ለፖሊስ መደወል ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ከደን ውጭ ያለው ነው። የያዛችሁት ሰው በገበያና በዕድር ያገኛችኋል፤ ማስፈራሪያው ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ብዙዎቻችን እንደ ፈሪ እንዳንቆጠር እንዲህ ያለውን ነገር ዋጥ አድርገን ኖረናል፤ ይህ ስሕተት ነበር። የዛቻውን ቃል በዚያው ቀን ጽፋችሁ ለኃላፊያችሁና ለፖሊስ አሳውቁ፤ የትዳር አጋሮቻችሁም ይወቁት። በየዓመቱ ሐምሌ 24 በዓለም የጠባቂዎች ቀን በሥራ ላይ የሞቱ ባልደረቦች ይታሰባሉ፤ ከመካከላችሁ የማንም ስም እዚያ እንዲጠራ አልሻም።

ነገ ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አቅጣጫና የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለተረኛው ስጡት፤ ሰዓቱ ካለፈ ማንን ይዞ፣ በየት በኩል እንደሚፈልጋችሁ አብራችሁ ተነጋገሩ።